እንዴት ይሠራል? ቀን የተቆረጠለት ቀብድ

ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ ለሰርግ ያዘዘ ሰው፣ ኦፕሽን የሚባለውን ነገር ስሙን ባይሰማ እንኳ ግማሹን ያውቀዋል። ኅዳር ላይ አንዲት የሙሽራ እናት ከወርቅ ቤቶቹ ወደ አንዱ ጎራ አሉ እንበል። ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። የሚፈልጉት 30 ግራም ነው፤ ለስሌት እንዲቀለን ግራሙን 15,000 ብር ብንለው ድምሩ 450,000 ብር ይመጣል። ሙሉውን ዛሬ መክፈል አይችሉም፤ እስከ ጥር ዝም ብሎ መጠበቅም ያስፈራቸዋል። «እትዬ፣ ወርቅ ዛሬ ባደረበት ነገ አያድርም፤ ቀብድ ያስቀምጡልኝና በዛሬው ዋጋ ልያዝልዎት» ይላቸዋል ባለሱቁ። 20,000 ብር ቆጥረው ይሰጡታል። ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ዋጋው፣ የሚረከቡበት ቀንና የከፈሉት ቀብድ ይጻፋል።

ያች ደረሰኝ የያዘቻቸው አራት ነገሮች የኦፕሽን ውል አጥንት ናቸው፤ ዕቃው፣ አስቀድሞ የተቆረጠው ዋጋ፣ ማብቂያ ቀኑ፣ ለመብቱ የተከፈለው ገንዘብ። ሌላው ሁሉ ሥጋ ነው።

ይህን ለማስረዳት የተነሣሁበት ምክንያት አለኝ። አራዳ ካፌዎች ውስጥ በሚውሉ ወጣቶች ስልክ ላይ «ሲግናል» (ምልክት) የሚለው ቃል በዝቷል። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው «አሁን ግዙ»፣ «አሁን ሽጡ» እያለ ይልካል፤ ልጆቹ ይታዘዙታል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ከሥራ መልስ ትክክለኛውን የኢንዴክስ ኦፕሽን በስልካቸው ይገዛሉ፤ እነሱም ዘንድ ገበያው መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚወድቅ እናውቃለን የሚሉ ምልክት ሻጮች ሞልተዋል። ከሁለቱም ወገን የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምልክቱ እውነት ከሆነ በኦፕሽን መነገድ አያዋጣም ወይ? የኔ መልስ፣ ምልክቱ እውነት ቢሆን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም የሚል ነው። ምልክት አቅጣጫ ይናገራል እንጂ ቀን አይናገርም፤ ኦፕሽን ደግሞ ከሁሉ በላይ የቀን ጉዳይ ነው።

ከቀብዱ እንጀምር፤ ሕጋችን ስለ ቀብድ በቂ ነገር ብሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ጉዳዩን ይዟል። ቀብድ መሰጠቱ ውል መደረጉን ያስረዳል። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል ወይም ይመለሳል። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን መሰረዝ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ መሰረዝ ይችላል።

ወደ ሙሽራዋ እናት እንመለስ። ጥር ሲደርስ ግራሙ 14,000 ብር ወርዶ ቢገኝ፣ ያው 30 ግራም ከጎረቤት ሱቅ በ420,000 ብር ይገኛል። ቀብድ ያስቀመጡበት ሱቅ ግን ገና 430,000 ብር ይፈልጋል። ስለዚህ ቀብዱን ትተው ወደ ጎረቤት ቢሄዱ 10,000 ብር ይተርፋቸዋል። የከሰሩት 20,000ውን ብቻ ነው፤ ወርቅ ከዚያም በታች ቢወርድ ከዚያ የበለጠ የሚወስድባቸው የለም። ዋጋው ወጥቶ ግራሙ 16,500 ብር ቢገባ ደግሞ፣ ገበያ ላይ 495,000 ብር የሚያወጣውን ወርቅ በ450,000 ይረከባሉ። 45,000 ብር አተረፉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ባለሱቁም የራሱ በር አለው። 40,000 ብር ቆጥሮ «ይቅርታ እትዬ፣ አልቻልኩም» ሊላቸው ይችላል። ከዚያ ውስጥ 20,000ው የራሳቸው ቀብድ ስለሆነ ከኪሱ የሚወጣው 20,000 ብቻ ነው፤ ወርቁን ግን 45,000 ብር አስበልጦ ለሌላ ይሸጠዋል። ፒያሳ ላይ ስሙን የሚጠብቅ ነጋዴ ይህን አያደርግም፤ ሕጉ ግን በሩን ክፍት ትቶለታል። ቀብድ ሁለቱንም ወገን እኩል የሚያስር፣ ሁለቱንም እኩል የሚያስመልጥ ውል ነው። በኔ እምነት አስተዋይ ሕግ ነው፤ የከተማ ዋጋ በአንድ ሌሊት ሲለወጥ ባለሱቁም ሸማቹም ልክ ያለው ኪሳራ ይዘው እንዲለያዩ ያደርጋል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ቀብድ የያዘ ሁሉ ይህን በተግባር አይቶታል።

ኦፕሽን ከቀብድ የሚለየው በዚሁ ቦታ ነው። በኦፕሽን ሻጩ ማምለጫ በር የለውም። ገዢው የከፈለው ገንዘብ ፕሪሚየም ይባላል፤ ከዋጋው አይታሰብም፣ ተመልሶም አይመጣም። ሻጩ የተቀበለው ለዚያ ነው፤ ገዢው እንደ ፈለገ እንዲመርጥ፣ እሱ ግን ታስሮ እንዲቆይ። እንዳይክድም በሁለቱ መካከል አጣሪ ድርጅት ይቆማል፤ ሻጩ ማስያዣ ያስቀምጣል፣ ገበያው ሲጠብበት ጨምር ይባላል። በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት የሚሰጠው ውል ኮል፣ በተቆረጠ ዋጋ የመሸጥ መብት የሚሰጠው ፑት ይባላል። ኮል የገዛ ሰው ዋጋ እንዲወጣ ይፈልጋል፤ ፑት የገዛ እንዲወርድ። ሁለቱም የሚከስሩት የከፈሉትን ፕሪሚየም ብቻ ነው፤ ግን ሙሉውን ሊከስሩት ይችላሉ። ብዙ ሰው ከፊተኛው ሐረግ ላይ ይቆማል፤ ትምህርቱ ያለው ከኋለኛው ላይ ነው።

ኢንዴክስ የሚባለውም ቀላል ነገር ነው። ዛሬ መታሰቢያው ፒያሳ ላይ ከቆመለት ከዓድዋ ድል በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1896፣ ቻርልስ ዳው የተባለ የኒውዮርክ ጋዜጠኛ የ12 ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ ደምሮ ለ12 አካፈለና 40.94 የሚል ቁጥር አሳተመ። ያ ቁጥር ዛሬም ዳው ጆንስ እየተባለ ይነገራል፤ ኩባንያዎቹ 30 ሆነዋል፣ ማካፈያውም ተለውጧል። ይበልጥ የሚጠቀሰው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ደግሞ 500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን በገበያ ዋጋቸው ክብደት ይዞ የሚሰላ ነው። ኢንዴክስ የገበያው አጠቃላይ ልክ ነው፤ እንደ ወርቅ ተመዝኖ አይሰጥም። ስለዚህ የኢንዴክስ ኦፕሽን ማብቂያ ቀኑ ሲደርስ ማንም ምንም አያስረክብም፤ ልዩነቱ በገንዘብ ይሰላና ይከፈላል።

የዘመናዊው ኦፕሽን ገበያ ቺካጎ ላይ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1973 ሲከፈት በ16 ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ኮል ብቻ ነበር የሚሸጠው። የኢንዴክስ ኦፕሽን የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1983 ነው። በዚያው በ1973 ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ ለኦፕሽን ተገቢውን ዋጋ የሚያወጣ ቀመር አሳተሙ። ቀመሩን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚገባበትን ነገር መቁጠር ግን ይጠቅማል። የኢንዴክሱ የዛሬ ዋጋ፣ የተቆረጠው ዋጋ፣ እስከ ማብቂያው የቀረው ጊዜ፣ ወለድ፣ ገበያው በምን ያህል ስፋት ይወዛወዛል የሚለው ግምት። ገበያው ይወጣል ወይስ ይወርዳል የሚለው ጥያቄ በቀመሩ ውስጥ ቦታ የለውም። ምልክት ያለው ሰው ይህን ደጋግሞ ቢያስበው ደስ ይለኛል። እሱ ስለ አቅጣጫ ያስባል፤ የሚገዛው ነገር ዋጋ ግን የቆመው በጊዜና በውዝዋዜ ላይ ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። አንድ ኢንዴክስ 1,000 ላይ ነው እንበል። በ1,000 የተቆረጠ፣ በአራት ሳምንት የሚያልቅ ኮል 20 ነጥብ ይሸጣል። በቺካጎ ልማድ እያንዳንዱ ነጥብ በ100 ዶላር ይባዛል፤ ስለዚህ ፕሪሚየሙ 2,000 ዶላር ነው። ምልክቱ «ይወጣል» አለ፤ ገዛን።

ማብቂያው ቀን ኢንዴክሱ 1,050 ላይ ቢዘጋ 50 ነጥብ በ100፣ 5,000 ዶላር ይከፈለናል፤ ፕሪሚየሙ ሲቀነስ 3,000 ትርፍ። ደስ ይላል። 1,015 ላይ ቢዘጋስ? ምልክቱ ልክ ነበር፣ ገበያው ወጥቷል፤ እኛ ግን የምናገኘው 1,500 ብቻ ነው፣ 500 ከሰርን። ኢንዴክሱ አራቱን ሳምንት ሲያመነታ ከርሞ 998 ላይ ቢዘጋና በአምስተኛው ሳምንት ወደ 1,060 ቢዘልስ? ምልክት ሻጩ «አላልኳችሁም?» ይላል፤ እውነቱን ነው። የኛ ውል ግን ባለፈው ሳምንት አልቋል፤ 2,000ው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። አክሲዮኑን ራሱን የያዘ ሰው አምስተኛውን ሳምንት ይጠብቃል፣ አምስተኛውን ዓመትም ቢሆን ይጠብቃል። ኦፕሽን የገዛ መጠበቅ አይችልም። በአቅጣጫ፣ በመጠንና በቀን፣ በሦስቱም አንድ ላይ ልክ መሆን አለበት።

ጊዜው የሚበላውም በእኩል ፍጥነት አይደለም። ኢንዴክሱ ባለበት ቆሞ፣ የውዝዋዜ ግምቱም ሳይለወጥ ቢቆይ፣ እንዲህ ያለ ኦፕሽን ዋጋው በግምት ከቀረው ጊዜ ካሬ ሥር ጋር ይወርዳል። በአራት ሳምንት 20 ነጥብ የነበረው፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው 10 ነጥብ ገደማ ነው። ሦስቱ ሳምንታት ግማሹን ወሰዱ፤ የመጨረሻዋ ሳምንት ብቻዋን ሌላውን ግማሽ ትወስዳለች። ርካሽ ነው እየተባለ አንድ ሳምንት ወይም አንድ ቀን የቀረው ውል የሚገዛ ሰው፣ የሚገዛው በጣም በሚቀልጥበት ሰዓት ነው።

የምልክቱ ትክክለኛነት ይህን አያካክስም ወይ? ከአሥር ጊዜ ስድስቱን የሚያገኝ ምልክት አለን እንበል፤ እንዲህ ያለ ምልክት ብርቅ ነው። አሥር ጊዜ 2,000 ዶላር አወጣን። አራቱ ስተው 8,000 ሄደ። ስድስቱ አቅጣጫውን አገኙ፤ ከነሱ ሁለቱ ግን እንደ 1,010 ያለ ቦታ ላይ ስለ ዘጉ እያንዳንዳቸው 1,000 አስከሰሩ። እስካሁን 10,000 ጎደለብን። የቀሩት አራቱ ይህን ብቻ ለመመለስ እያንዳንዳቸው 2,500 ዶላር ማትረፍ፣ ማለትም ኢንዴክሱን በአራት ሳምንት ውስጥ 4.5 በመቶ አንሥተው 1,045 ማድረስ አለባቸው። ገበያ በወር ይህን ያህል የሚነሣበት ጊዜ አለ፤ በየጊዜው ግን አይደለም። በዚህ ላይ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተትና የደላላው ክፍያ አልታሰበም።

ምልክት የሚባለውስ ከየት ይመጣል? በጣም የታወቀው የ200 ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ ነው። ያለፉት 200 የገበያ ቀናት መዝጊያ ዋጋ ተደምሮ ለ200 ይካፈላል። በማግስቱ አዲሱ ቀን ይገባል፣ የድሮው መጀመሪያ ቀን ይወጣል። ኢንዴክሱ ከዚህ መስመር በላይ ከሆነ «ግባ»፣ በታች ከሆነ «ውጣ» ይባላል። ሌሎቹም ምልክቶች፣ የፑትና የኮል ግዢ ንጽጽርም ይሁን የውዝዋዜ መለኪያው፣ በአብዛኛው ያለፈውን ቁጥር አሽተው የሚያወጡ ናቸው። ክፋት የላቸውም። አክሲዮን ለረጅም ጊዜ የያዘ ሰው ይህን የ200 ቀን መስመር ቢያይ ምናልባት ከከባድ ውድቀት በከፊል ያመልጥ ይሆናል። ግን 200 ቀን የሚያስታውስ ነገር ፈጥኖ አይዞርም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ የሆነው ይህ ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የካቲት 19 ላይ ጫፍ ነካ፣ መጋቢት 23 ላይ 34 በመቶ ወርዶ ወለሉን ነካ። ከ200 ቀን አማካዩ በላይ ተመልሶ የዘጋው ግንቦት መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ያኔ ከወለሉ ከሲሶ በላይ ተነሥቶ ነበር። «ግባ» የሚለው ምልክት ትክክል ነበር፤ ግን ትልቁ ጉዞ ካለፈ በኋላ መጣ።

«ውጣ» የሚለውን ተከትሎ ፑት የገዛስ? እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመው። ገበያ ሲደነግጥ ሁሉም ፑት ይፈልጋል፣ ፕሪሚየሙም ይነድዳል። ቪክስ የሚባለው መለኪያ የሚሠራው ከኤስ ኤንድ ፒ ኦፕሽኖች ዋጋ ላይ ነው፤ መጋቢት 16 ቀን 2020 ላይ 82.69 ዘግቷል፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያልታየ መዝጊያ ነው። ያን ቀን ፑት የገዛ ሰው ፍርሃቱን በጣም ውድ በሆነ ዋጋ ገዛ። ገበያው ከዚያ በኋላ ጥቂት ወርዶ፣ ድንጋጤው ግን ረገብ ቢል፣ አቅጣጫውን አግኝቶም ሊከስር ይችላል። ምልክቱ ሁሉም ሰው ዘንድ በደረሰበት ሰዓት ዋጋው ምልክቱን ቀድሞ ውጦታል።

ከመግዛት መሸጥ ይሻላል የሚሉም አሉ። ፕሪሚየም መሰብሰብ በእርግጥ ለብዙ ወራት ደስ የሚል ገቢ ይሰጣል። ግን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 1987 ዳው ጆንስ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወድቋል። በሩ የተዘጋበት ሻጭ እንዲህ ያለ አንድ ቀን ይበቃዋል።

አራዳ ለዚህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ ሰፈር አይደለም። ገበያው ወደ መርካቶ ከመዛወሩ በፊት የከተማው ንግድ በጊዮርጊስ ዙሪያ ነበር። የማሪያ ቴሬዛ ብር ዋጋ ከዓለም የብር ማዕድን ዋጋ ጋር ሲወጣና ሲወርድ የአራዳ ነጋዴ ከውጭ የሚመጣውን ወሬ ጠብቆ ሒሳቡን ያስተካክል ነበር። የካቲት 1898 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የመረቁት የአቢሲንያ ባንክ በአክሲዮን የቆመ ነበር፤ አክሲዮኑ በአውሮፓ ከተሞች ጭምር ተሸጧል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመው የአክሲዮን ማገበያያ ቡድን የጥቂት ኩባንያዎችን አክሲዮን ያገበያይ ነበር፤ የ1967ቱ ውርስ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ተቋቁሞ ጥር 2 ቀን 2017 ተመርቋል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። በዚያው ሰሞን ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር፤ የካቲት 7 ቀን 2017 ሽያጩ ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮኑን፣ 3.2 ቢሊዮን ብር ከፍለው ገዝተዋል። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ከቀረበው ጥቂቱ ብቻ ተሸጠ ብለው ያዘኑ አሉ፤ እኔ ግን 47 ሺህ ሰው አክሲዮን ምን እንደሆነ በገዛ ገንዘቡ መማሩን ትልቅ ነገር አድርጌ አየዋለሁ። የኢንዴክስ ኦፕሽን እንዲኖር መጀመሪያ በየቀኑ በብዛት የሚሸጡና የሚገዙ ብዙ አክሲዮኖች ያስፈልጋሉ። እዚያ ገና አልደረስንም፤ መቸኮልም የለብንም።

ቀድመውን የደረሱት ከፍለው ያስተማሩን አለ። ሕንድ በኢንዴክስ ኦፕሽን ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሴቢ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ባወጣው ጥናት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በፊውቸርስና በኦፕሽን ከነገዱት ከአንድ ኩሮር፣ ማለት ከአሥር ሚሊዮን፣ በላይ ግለሰቦች 93 በመቶው ከስረዋል፤ አማካይ ኪሳራቸው 200,000 ሩፒ ያህል ነው። እነዚህ ሰዎች ምልክት አጥተው አይደለም የከሰሩት። እያንዳንዱ ስልክ ላይ ምልክት ነበር።

እኛ ዘንድ «ኦፕሽን» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ወጣቶቹ ስልካቸው ላይ የሚያዩት አብዛኛው ባይነሪ ኦፕሽን ነው። አንድ ደቂቃ ወይም አምስት ደቂቃ ይሰጥሃል፤ ወጣ ወይስ ወረደ ትላለህ። ካገኘህ ለምሳሌ 80 በመቶ ይከፍልሃል፤ ከሳትክ 100 በመቶ ይወስዳል። መቶ ጊዜ መቶ መቶ ብር ብታስገባና ግማሹን ብታገኝ፣ በ50ው 4,000 ታተርፋለህ፣ በ50ው 5,000 ትከስራለህ። ላለመክሰር ብቻ ከ100 ወደ 56 ጊዜ ማግኘት አለብህ፣ ያውም በአንድ ደቂቃ ውዝዋዜ። ውሉን የሚዋዋልህም ቤቱ ራሱ ነው፤ በመካከል አጣሪ የለም፣ ውሉን ለሌላ መሸጥም አትችልም። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2017 ሙሉ በሙሉ ከለከለችው፤ የአውሮፓ ኅብረት ተቆጣጣሪ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ለተራ ደንበኛ እንዳይሸጥ አገደ፤ እንግሊዝ በ2019 ተከተለች። እነሱ የዘጉት በር በኛ ልጆች ስልክ ላይ መከፈቱ ያሳዝነኛል።

ሲግናል ሻጩ ከየት ይበላል? ከምዝገባ ክፍያና ልጆቹን ወደ መተግበሪያው ሲያስገባ ከሚያገኘው ኮሚሽን። ትክክለኛ ነቢይ ለመምሰል ደግሞ ብዙ አይቸገርም። 6,400 ሰው አለው እንበል። ለግማሹ «ይወጣል»፣ ለግማሹ «ይወርዳል» ብሎ ይልካል። ያልተሳካባቸውን 3,200 ይተዋቸዋል፤ ለተሳካላቸው 3,200 እንደገና ግማሽ በግማሽ ይልካል። አምስት ጊዜ ሲደጋግመው 200 ሰው ይቀረዋል። እነዚያ 200 ሰዎች በዓይናቸው ያዩት አምስቱንም ጊዜ ያልሳተ ሰው ነው። ስድስተኛውን ለማግኘት የተጠየቁትን ይከፍላሉ። ሁሉም ሲግናል ላኪ ይህን ያደርጋል አልልም፤ ከስልክህ ላይ ሆነህ ግን ያደረገውን ካላደረገው መለየት አትችልም።

ኦፕሽን በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የሙሽራዋ እናት ቀብድ ሲያስቀምጡ የሚያስፈልጋቸውን ወርቅ ከዋጋ ንረት አዳኑ እንጂ ቁማር አልተጫወቱም። ብዙ አክሲዮን የያዘ የጡረታ ድርጅትም ፑት ቢገዛ ያው ነው፤ ያለውን ያስጠብቃል፣ ፕሪሚየሙንም እንደ ወጪ ይቆጥረዋል። የሚያስጠብቀው ነገር የሌለው ሰው በምልክት ተነሥቶ ሲገዛ ግን የያዘው ማብቂያ ቀን ያለው ወጪ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ «ሲግናል አለኝ» የሚላችሁን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት። በስንት ቀን ውስጥ? ስንት ነጥብ? ተሳስተህ ከሆነ አንተ ከገንዘብህ ስንት ታጣለህ? ገንዘባችሁን አስገቡ ካለ ደግሞ ፈቃዱን ጠይቁ፤ በአገራችን የካፒታል ገበያ አገልግሎት ለመስጠት የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃድ ያላቸውንም ባለሥልጣኑ ያሳውቃል። ስሙ እዚያ ከሌለ አንድ ብር አትላኩ።